የዘለልኩት መስመር

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍሬ መውረጃዬ አለፈኝ። ረዳቱ "ባንክ ጋ ወራጅ" እያለ ሁለት ጊዜ ተጣርቷል፤ ሰምቼዋለሁም። ነገር ግን ያ ቦታ ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ "ሼህ ይመር ዋርካ" ነው። ዋርካው ከተቆረጠ ስንት ጊዜው፤ ሼህ ይመርንም በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ያለ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ስሙ እስኪጠራ ስጠብቅ መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ነጎደ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ "እኔንም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ያሳልፈኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት" አሉኝ።

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ተመለስኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ በየመሃሉ እየቆምኩ ማረፍ ነበረብኝ። ባረፍኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ካርቱም፣ ከከተማው በስተደቡብ ወደ ነበረ አንድ የኳስ ሜዳ እየሄደ አስቸገረኝ። ስለዚያ ሜዳ ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህ ለማንም አውርቼ አላውቅም። የሚያኮራ ወሬም አይደለም።

ካርቱም የገባሁት ሞባይል ስልክ እዚያ ገና የባለሀብት ዕቃ በነበረበት ዘመን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል፣ እንደ ብዙ የሰፈሬ ልጃገረዶች በመተማ ወጣሁ። ዴም በሚባለው ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር ዘሀራ የምትባል የአገሬ ሴት ዘንድ አረፍኩ። ዘሀራ ክፍል እያከራየች ለአዲስ መጪ ሥራ ታፈላልግ ነበር። እኔንም በሦስተኛው ሳምንት ወንዙን አሻግራ ካፉሪ ወሰደችኝና አንድ ትልቅ ቤት አስገባችኝ። ካፉሪ የሀብታም ሰፈር ነው፤ ግንቡ ረጅም፣ መንገዱ ጭር ያለ። ከዴም ግርግርና ከባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ጩኸት ለመጣ ሰው ጸጥታው ራሱ ያደክማል።

የቤቱ ጌታ ሙስጠፋ የሚባል ሕንፃ ሠሪ ነበር። ሁሉም "ባሽሙሃንዲስ" ይለዋል፤ ኢንጂነር ማለታቸው ነው። ሚስቱ የዓመቱን ግማሽ ልጆቿን ይዛ ከቤተሰቦቿ ጋር ውጭ አገር ትቆይ ስለነበር የእኔ ዋና ሥራ እናቱን፣ ሃጃ ነፊሳን፣ መጠበቅ ሆነ። ሃጃ የተማሩ ሴት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በሴቶች ትምህርት ቤት መምህርነት ነው። እኔ ስደርስ ግን የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃናቸውን በልቶት የሚታያቸው ጥላ ብቻ ነበር። የሺእመቤት የሚለው ስሜ ለአፋቸው ስላልተመቸ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓሻ ይለኝ ጀመር። እኔም አቤት አልኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ወለል ላይ የወደቀ ጋዜጣ ሳነሳ ርእሱን በለሆሳስ ቆጠርኩት። ሃጃ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አንዲት ነገር አያመልጠውም።

"ማንበብ ትችያለሽ፣ ያ ቢቲ?" አሉኝ። ያ ቢቲ፣ ልጄ ሆይ እንደ ማለት ነው።

"ልጅ ሆኜ ሼህ ቤት ቁርአን ቀርቻለሁ። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላውቀውም።"

"ፊደሉን ካወቅሽ ትርጉሙን እኔ አውቅልሻለሁ። አንብቢ።"

ከዚያ ወዲህ የጠዋት ሥራችን ይኸው ሆነ። ወተት የገባበት ሻይ ከትኩስ ሉገይማት ጋር አቀርባለሁ፤ ሉገይማት ስኳር የተነሰነሰበት ድቡልቡል ጥብስ ሊጥ ነው። ከዚያ እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። የጋዜጣ ዓረብኛ እንደ ቁርአኑ የአነባበብ ምልክት ስለሌለው መንገዱን የማያውቅ ሰው ጨለማ ውስጥ እንዳለ ይደናበርበታል። ስሳሳት ያርሙኛል፤ ደግሜ ስሳሳት ጉልበቴን በመቁጠሪያቸው መታ ያደርጉኛል። የሞት ማስታወቂያ፣ የወንዙ ሙላት፣ የኳስ ውጤት፣ ሁሉንም አንብቤላቸዋለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሱቅ ዓረብኛ ወጥቼ የመጽሐፍ ዓረብኛ የማውቅ ሰው ሆንኩ። ማንም ሰው በሕይወቴ ያን ያህል ታግሶ ያስተማረኝ የለም።

የኳስ ውጤት የሚወዱት በባላቸው ምክንያት ነው። ኡስታዝ ባቢክር እኔ ከመድረሴ በፊት የሞቱ፣ አል-ሳሃፋ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ ኮሌጅ የስፖርት መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ሃጃ እንደነገሩኝ ሲቀጠሩ የኮሌጁ ጓሮ እሾህና የፍርስራሽ ክምር ነበር። ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ድንጋዩን ለቀሙት፣ መሬቱን በአካፋ ደለደሉት። በየክረምቱ ጎርፍ ይሸረሽረዋል፤ ዝናሙ ሲያባራ እንደገና ይደለድሉታል። በአንደኛው ጎን በባልዲ ውሃ እያመላለሱ የኒም ዛፍ አበቀሉ። ጡረታ ሲወጡ የቀድሞ ተማሪዎች ለኮሌጁ አመልክተው ሜዳው በስማቸው ተሰየመ። በበሩ ጎን ግድግዳ አቁመው፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ስሙን በጣት ጥልቀት ጻፉበት። ኮሌጁም ቤተሰቡ ፈርሞ ካልፈቀደ በቀር ስሙ እንደማይነሳ በደብዳቤ አረጋገጠ።

በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ እዚያ ተሰብስበው ይጫወታሉ። አብዛኞቹ ሆዳቸው የገፋ፣ ፀጉራቸው የሸሸ ሰዎች ናቸው፤ ከሩጫቸው ሳቃቸው ይበዛል። ሃጃ በሊላ ቀቅለን እንድንሄድ ያደርጋሉ። በሊላ የእኛው ንፍሮ ነው፤ የሰሊጥ ዘይትና ከሙን ጣል ይደረግበታል። ስንደርስ ሃጃ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ይሄዱና መዳፋቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተቱ ስሙን በጣታቸው ያነባሉ። ከዚያ ከኒሞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው የማያዩትን ጨዋታ ያዳምጣሉ።

በአራተኛው ዓመቴ፣ ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር በሚያተኩስበት ወቅት፣ የኮሌጁ ዲን አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት አስከትለው መጡ። ወጣቱ ከአንድ የስልክ ድርጅት የተላከ ነው። ካርቱም በነዳጅ ገንዘብ መለወጥ ጀምራ ነበር፤ በየአደባባዩ ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይተከላል። እኔ ከርከዴ ቀድቼ ሳዞር ወጣቱ ድርጅቱ ለሜዳው መብራት፣ ውሃ፣ ሣርና ጥላ ያለው መቀመጫ ሊሠራለት እንደተዘጋጀ ያስረዳ ነበር። ቃላቱ የታጠቡና የተተኮሱ ይመስላሉ።

ሃጃ እስኪጨርስ ጠብቀው "ስሙስ?" አሉ።

ወጣቱ ዲኑን አየ። ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሃጃ፣ የኡስታዝ ስም በልባችን ውስጥ ነው" አሉ።

"ልብ በር ላይ አይሰቀልም" አሉ ሃጃ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ድምፅ ነበር። "ወረቀቱን ላኩልኝ። ልጄ ታነብልኛለች፤ ከዚያ የምለውን እላለሁ።"

ከእናቱ ጎን ተቀምጦ የነበረው ሙስጠፋ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ልጄ ያሉት እኔን ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ደረቅ ባሚያ እየወቀጥኩ ሳለ ሙስጠፋ ወጥ ቤት ገባ። እዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ወጥ ቤት ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በእጁ አንድ ገጽ ወረቀት ይዟል።

"ዓሻ፣ ይህን ለእናቴ ታነቢላታለሽ" አለኝ። "ሦስተኛውን መስመር ግን ዝለይው።"

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ሦስተኛው መስመር፣ ሜዳው ከእንግዲህ በቀድሞ ስሙ እንደማይጠራና በበሩ ያለው ጽሑፍ እንደሚነሳ ይናገራል። ከእሱ በላይና በታች ያለው ሁሉ ምስጋናና ቃል ኪዳን ነው።

"ሃጃ ከጠየቁኝስ?"

ሙስጠፋ በሩን ተደገፈ። "አባቴ ያንን መሬት ሲደለድል አርጅቶ ሞተ" አለ። "ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ወሰደው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እሱ መለሰው። አሁን መብራትና ውሃ የሚያመጣ ሰው ተገኘ። እሱ ራሱ ቢኖር ኖሮ ስሜን ውሰዱና ውሃውን አምጡ ይል ነበር። እናቴ ግን ይህን ብነግራት ልቧ አይችለውም።" ከዚያ ሊወጣ ዞር ብሎ፣ "የኢቃማሽ ጉዳይ በዚህ ሳምንት ያልቃል፣ ኢንሻላህ" አለኝ።

አላስፈራራኝም። ይህን መናገር አለብኝ። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ሲባልበት የቆየ ነገር ነበር። እሱም ያንን ብቻ አንስቶ ወጥቶ ሄደ። የሜዳውን መቀመጫ የሚሠራው የእሱ ድርጅት መሆኑን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ቢሆንም ያን ቀን የተናገረው ሁሉ ውሸት ነበር አልልም። እስከ ዛሬም አንዳንዴ ልክ ይመስለኛል።

ዓርብ የእረፍት ቀኔ ነው። በሁለት አውቶቡስ ተሻግሬ ዴም ሄድኩና ለዘሀራ ሁሉንም ነገርኳት። ዘሀራ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ከዓመት በፊት ፖሊሶች ከሻ በሚሉት አፈሳ ገበያ መሃል ይዘዋት፣ ወረቀት የለሽም ተብላ ብዙ ቀን ታስራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመንገድ ጀርባዋን ሰጥታ አትቀመጥም።

"የማን ስም ነው ያልሽው?" አለችኝ።

"የሃጃ ባል። የሞቱት።"

"እንግዲህ እሳቸው ሞተዋል። አንቺ በሕይወት ነሽ።" ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጣለችው። "እቴ፣ እኔ ፖሊስ መኪና ላይ ስጫን ስሜን የጠየቀኝ የለም። ወረቀትሽ የት አለ ነው የተባልኩት። አንብቢ ያሉሽን አንብቢ፣ ተዪ ያሉሽን ተዪ።"

ምክሯ ክፋት አልነበረበትም። ያየችውን ነው የነገረችኝ። ወደ ካፉሪ ስመለስ ድልድዩ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ነበርና ከአገሬ የሚወርደውን ወንዝ ቁልቁል አየሁት። ደፈራርሶ ቡናማ ሆኗል። አገሬ ዝናም መጀመሩን በዚያ አወቅሁ።

ቅዳሜ፣ አሱር ከተሰገደ በኋላ፣ ሃጃ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሙስጠፋ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ስልኩን ይነካካል። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛውን መስመር አነበብኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ወሰድኩና አራተኛውን ቀጠልኩ። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዓይኔ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ዝቅ አለ፤ ያ ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው፣ እስከ ቀኑ ድረስ አነበብኩት።

ሃጃ መቁጠሪያቸውን እየገፉ፣ "ሌላ የለም?" አሉኝ።

"የለም፣ ሃጃ።"

"ስለ ስሙ የሚል የለም?"

"የለም።"

መቁጠሪያው ቆመ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ቆዩ፤ በማያየው ዓይናቸው የሚያዩኝ መሰለኝ። ከዚያ "እስክሪብቶ አምጪ" አሉ። ጣታቸውን ይዤ የወረቀቱ ግርጌ ላይ አኖርኩላቸውና "እዚህ ጋ" አልኳቸው። የመምህርት እጅ ስለሆነ ፊርማቸው ቀጥ ያለና የሚያምር ነበር። ኢቃማዬ በአሥር ቀን ውስጥ ወጣ። ፎቶዬ ላይ ዓይኔ ፈጦ የተያዝኩ ሌባ እመስላለሁ።

ክረምቱ አልፎ ሙቀቱ በረድ ሲል የዚያ ዓመት የጨዋታው ዓርብ ደረሰ። ሙስጠፋ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ቀረ። እናቱንም ሊያስቀራቸው ሞክሮ ነበር፤ አልሰሙትም። በሊላውን በትልቅ ድስት ይዘን በኮንትራት መኪና ሄድን። ገና ከሩቁ አየሁት። በበሩ አናት ላይ ሁለት ፎቅ የሚያህል ሰሌዳ ቆሟል፤ የድርጅቱ ስም በደማቅ ቀለም ተጽፎበታል። መቀመጫው ተሠርቷል፤ የመብራት ምሰሶዎቹ ቆመዋል። ኒሞቹ ለመቀመጫው ቦታ ሲባል ተቆርጠው ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ሣሩ ግን አረንጓዴ ነበር። በዚያ ከተማ እንዲያ ያለ አረንጓዴ አይቼ አላውቅም፤ ደስ ይል ነበር ብል አልዋሸሁም።

ሃጃ ክንዴን ይዘው ወረዱና እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ላስቆማቸው ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ ነው የማስቆማቸው? መዳፋቸውን ዘረጉ። ግድግዳው ተለስኖ በድርጅቱ ቀለም ተቀብቷል። እጃቸው ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

"ለስላሳ ነው" አሉ።

የቀድሞ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር። አንዳንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ ሸበቶ ሰውዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሃጃ፣ ወላሂ እኛ ተቃውመን ነበር። ቤተሰቡ ፈርሟል ሲሉን ነው..." ብሎ ሳይጨርስ አቋረጡት።

"ፈርሜያለሁ" አሉ። "ያላ፣ በሊላው ሳይቀዘቅዝ ብሉ።"

ሰዎቹ በሉ፤ ተጫወቱም። ሃጃ ከቀሩት ሁለት ዛፎች ሥር እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ያን ቀን ሳቅ የሰማሁ አይመስለኝም፤ ምናልባት የእኔ ጆሮ ይሆናል።

ቤት ገብተን እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብ፣ ወለሉን እያየሁ "ሃጃ፣ የዘለልኩት መስመር ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ሦስት ዓመት አነበብሽልኝ። ትንፋሽሽ የት የት እንደሚያርፍ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ማረፊያ በሌለበት ቦታ አረፍሽ።"

"ታዲያ ለምን ፈረሙ?"

ውሃው ቀዝቅዟል።

"እሱ ልጄ ነው" አሉ በመጨረሻ። "እኔም የምኖረው በእሱ ቤት ነው፤ አንቺም በእሱ እጅ ነሽ። ደክሞኝ ነበር፣ ያ ቢቲ።" ከዚያ እግራቸውን ከሣፋው አውጥተው ፎጣውን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ማድረቅ ጀመሩ። "አንቺ እዚያ መስመር ላይ ብታቆሚ ኖሮ ግን እኔም ሳልፈርም አቆም ነበር።"

ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አንብቢልኝ አላሉኝም። አልተቆጡኝም፣ ፊት አልነሱኝም፤ እንደ ወትሮው ያ ቢቲ ይሉኛል፣ ስታመም ሎሚና ማር አፍልታ እንድትሰጠኝ የዘበኛውን ሚስት ያዛሉ። ጋዜጣው ግን በየጠዋቱ እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ ይውላል። በምትኩ ሬድዮ መስማት ጀመሩ። በርጩማዬን ወደ ወጥ ቤት መለስኩት። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ "ዛሬ የኳስ ውጤት ላንብብ?" ብላቸው፣ "ሬድዮው ነግሮኛል፣ ዓይኔ" አሉኝ። አልነገራቸውም ነበር፤ ሬድዮው ገና አልተከፈተም።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ ሃጃ ክረምት ሲገባ አረፉ። ሐዘን በተቀመጥንበት ድንኳን ውስጥ ሙስጠፋ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ከዚያ ቤት ወጥቼ፣ ዴም ተመልሼ፣ ሌላ ሥራ ይዤ ብዙ ዓመት ካርቱም ኖርኩ። አልፎ አልፎ በአውቶቡስ በዚያ ሜዳ በኩል አልፍ ነበር። የስልኩ ድርጅት ውሉን አላደሰም መሰለኝ፣ ሰሌዳው አንድ ጊዜ የዱቄት፣ ሌላ ጊዜ የቀለም ፋብሪካ ስም ተጽፎበት አየሁት። ሣሩ የሚያጠጣው ጠፍቶ ደርቋል። ረዳቶቹ "ኢስታድ" ይሉታል፣ ስታዲየም ማለት ነው፤ የማን እንደሆነ አይናገሩም። ተሳፋሪውም አይጠይቅም።

ዛሬ ኮምቦልቻ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች በዓረብኛ የተጻፈ ውላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እያነበብኩ እተረጉምላቸዋለሁ። ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ሳይቀር አነባለሁ። ይሰለቻሉ። አብሯቸው የመጣ ዘመድ "አጠር አድርጊው፣ ፍሬ ነገሩን ብቻ ንገሪያት" ይለኛል። እኔም ትንፋሼ እስኪያጥር እቀጥላለሁ።

ይህን የማደርገው ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ስም በገንዘብ መለወጡን ዕድሜ አስለምዶኛል፤ መብራቱም መብራት ነው፣ ሣሩም ሣር ነበር። የማልለምደው ሌላ ነገር ነው። አንዲት አሮጊት ሴት ልጇን ፊት ለፊት ለመቃወም አቅም አጥታ፣ አንዲት ሃያ ዓመት ያለፋት የቤት ሠራተኛ መስመሩ ላይ ድንገት ዝም ትል እንደሆነ ብላ ስትጠብቀኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜም የለም አልኳት።